ሬድዮ ያልጠራቸው

ድምፃዊ ዘለቀ ባንተይርጋ ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ሞተ። ጎባ ያለው ገብረወልድ ወሬውን የሰማው ቁርሱን ሳይጨርስ ነው። ሬድዮው የጠዋቱን ዜና አቋርጦ ዋሽንት ሲያሰማ እጁን ከሰሐኑ ላይ አነሣ። ወሩ ጥቅምት፣ ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያ ዘመን ዜና በዋሽንት ሲቋረጥ ሰው ሁሉ ደንገጥ ይል ነበር። የሞተው ባለሥልጣን ሳይሆን ዘፋኝ መሆኑን ሲሰማ ግማሽ እፎይታ፣ ግማሽ ሐዘን ተሰማው።

ገብረወልድ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። አያቱ ከሸዋ በወታደርነት መጥተው ጎባ የቀሩ፣ አባቱም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እሱ ደግሞ በባሌ ክፍለ ሀገር የሬድዮ ዜና ወኪል ነበር። የአዝመራ ዘመቻ፣ የመሠረተ ትምህርት ምረቃ፣ የማኅበራት ስብሰባ ዜና እየጻፈ ከቴሌ ቢሮ በስልክ ለአዲስ አበባ ያስጽፋል። ስሙ በሬድዮ የሚጠራው በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ የዜና ክፍል ኃላፊው ለታ ደወለ። ዘለቀ ያላለፈበት ክፍለ ሀገር እንደሌለ ነግሮ፣ ወኪሎች ሁሉ ዘለቀን ያየ፣ ያበላ፣ ያሳደረ ሰው ፈልገው የሕዝቡን ሐዘን እንዲልኩ አዘዘ። ገብረወልድ በማግስቱ አውቶቡስ ይዞ ሮቤ ወረደ። ዘለቀ በ1970 ከኪነት ቡድን ጋር መጥቶ አንድ ቀን ሮቤ እንዳደረ ያውቅ ነበር። ያደረበትም የማሜ ሆቴል ነው። ማሜ ለማስታወስ ጥቂት ተቸግሮ፣ ሰውዬው ጉንፋን ይዞት እንደነበር፣ ሾርባ ጠጥቶ ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ ብሎ እንደተኛ፣ በማግስቱም አንድ ዘፈን ብቻ ዘፍኖ እንደሄደ ነገረው። ሌላ የሚያስታውሰው አልነበረም።

ገብረወልድ ግን ሌላም ጻፈ። ዘለቀ በሮቤ ብርድ እየተንቀጠቀጠ ለሕዝቡ ሲል እንደዘፈነ፣ ሽማግሌዎች ተነሥተው እንደመረቁት፣ ዛሬም የባሌ ሕዝብ ያንን ቀን እያስታወሰ በእንባ እንደሚታጠብ። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ እሱም ጥሩ መሆኑን ያውቃል። ማታ በሁለት ሰዓቱ ዜና ተነበበ፤ በማግስቱም ሦስት ጊዜ ተደገመ። በየጊዜው መጨረሻ ላይ «ገብረወልድ አጥናፉ ከጎባ» ይባል ነበር። ጎረቤቶቹ በሩ ድረስ መጥተው ጨበጡት። ማሜም ሬድዮውን ሰምቶ ያልነበረውን ሁሉ ማስታወስ ጀመረ፤ ዘለቀ የተኛበትን አልጋ አዲስ አንሶላ አልብሶ ለሚጠይቀው ሁሉ ያሳይ ነበር።

ረቡዕ ቀን ከጊኒር ሰውና እህል ጭኖ የመጣ የጭነት መኪና፣ ከጎሮ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ አንድ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነበር። ከጆንያው ላይ ተቀምጠው ከነበሩት ሰዎች አሥራ አንዱ ሞቱ። ገብረወልድ ሰምቶ ሲደርስ ሬሳዎቹ ሮቤ መስጊድ አጠገብ በተርታ ተጋድመው በአቡጀዲ ይሸፈኑ ነበር። የብዙዎቹ ዘመዶች ከጎሮ በእግርም በበቅሎም እየደረሱ፣ የየራሳቸውን እየለዩ ያለቅሱ ጀመር። ከሟቾቹ አንዷን፣ የአርባ ዓመት ያህል ሴት፣ ግን የሚለያት ሰው አልነበረም። ሳትቀበር መዋል ስለሌለባት፣ ሮቤ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት ኡሙሰልማ የምትባል ሴት አጥባ ከፈነቻት፤ ክንዷ ላይ የነበረውን የብር አምባር አውልቃ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠች፤ ወንዶቹም ሰግደውባት ቀበሯት።

ከተረፉት መካከል ደግሞ አንዲት የአሥራ ሰባት ወይም የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። መንጋጋዋ ተሰብሯል፣ ራሷንም ስታለች። ጎባ ሆስፒታል አስገቧት። የምትታከምበት ክፍል ነርስ እኅተማርያም፣ የልጅቷን ማንነት የሚያውቅ አንድም ሰው እንዳልመጣ ለገብረወልድ ነገረችው። የተገኘባት ነገር አንድ ትንሽ ከረጢት ብቻ ነው፤ ከረጢቱ ጥግ ላይ ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና ተርፎ ነበር።

«ይሄ የጫካ ቡና ነው፤ ከሃረና ጫካ በኩል የመጣች ሳትሆን አትቀርም» አለችው እኅተማርያም። «በሬድዮ ብታስነግሩላት ቤተሰቦቿ ይሰማሉ። ብቻዋን ናት።»

ገብረወልድ እዚያው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ማስታወቂያውን ጻፈ። አምስት መስመር ነበር። የአደጋው ቦታ፣ የሟቾቹ ብዛት፣ የልጅቷ ዕድሜና መልክ፣ የለበሰችው ቢጫ ሻሽ፣ ምናልባት ከሃረና ልትሆን እንደምትችል። ቴሌ ቢሮ ሄዶ አዲስ አበባን እስኪያገኝ አንድ ሰዓት ጠበቀ። የዜና ክፍሉ የጽሕፈት ሠራተኛ ተቀብላ ጻፈችው። ማታ ሬድዮውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የዘለቀን ልብስ የሰፋለት ልብስ ሰፊ ተናገረ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያሳፈረው የታክሲ ነጂ ተናገረ፤ ሁለት ገጣሚዎች ግጥም አነበቡ። ማስታወቂያው አልተነበበም።

ሐሙስ የዘለቀ ቀብር ስለነበር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሬድዮው ከቀብሩ ቦታ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። አስከሬኑ በየትኛው መንገድ እንዳለፈ፣ ስንት የአበባ ጉንጉን እንደተቀመጠ፣ ማን ራሱን እንደሳተ ሁሉ ተነገረ። የኦሮምኛው ፕሮግራምም ያንኑ እየተረጎመ ያሰማ ነበር። ገብረወልድ መቀመጥ አልሆነለትም። ከቤቱ ወደ ቴሌ፣ ከቴሌ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ሲመላለስ ዋለ። በየሻይ ቤቱ፣ በየሱቁ ሬድዮ ተከፍቷል፤ አንዱን አልፎ ሌላው ጋ ሲደርስ ያው ድምፅ ይቀበለዋል። ከሆስፒታል በወጣ ቁጥር ያቺ ልጅ ያለችበትን አልጋ በአእምሮው ይዞ ይወጣል። ከጎኗ ባሉት አልጋዎች ስር የሰው ምሳ ሳህንና ቴርሞስ ተደርድሯል፤ በእሷ አልጋ ስር ምንም የለም።

ዓርብ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ለታን ራሱን በስልክ አገኘው። ለታ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ውስጥ የሦስት ቀን እንቅልፍ ማጣት ይሰማ ነበር። ማስታወቂያውን እንዳየው፣ ነገር ግን ለሐዘኑ የተያዘው ሰዓት ከበላይ የተወሰነ ስለሆነ የሚያስገባበት ቀዳዳ እንደሌለ ነገረው።

«አሥራ አንድ ሰው ነው የሞተው፣ ጓድ ለታ» አለ ገብረወልድ። «ልጅቷ ደግሞ በሕይወት አለች። አምስት መስመር ናት።»

«ገባኝ። ግን የመኪና አደጋ ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ። ዘለቀ አንዴ ነው የሚሞተው።» ከዚያም ስለ ሮቤው ጽሑፍ አመሰገነው። የበላዮቹ በጣም እንደወደዱት፣ ሌላም ካገኘ እንዲልክ ነገረው።

ገብረወልድ ስልኩን ሲዘጋ ምስጋናው ደስ አሰኝቶት ነበር። ደስ ማሰኘቱን ሲያውቅ ደግሞ በራሱ አፈረ። ቅዳሜ ማስታወቂያውን ለአራተኛ ጊዜ አስጻፈ። ፖሊስ ጣቢያውም በበኩሉ ከጫካው በታች ወዳለችው ዶሎ መና መልእክት አስተላልፏል፤ ከዚያ ወደ ጫካው መንደሮች ግን መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ አልነበረም። ቅዳሜም እሑድ ጠዋትም ሬድዮው የዘለቀን የልጅነት ጓደኞች እያፈላለገ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እኅተማርያም ሰው ላከችበት። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣለች፤ መንጋጋዋ ስለታሰረ መናገር አልቻለችም፤ ሁለት ጊዜ ግን «ሪራ» ብላለች። ሪራ ከሰነቴ ሜዳ ማዶ፣ የሃረና ጫካ ከሚጀምርበት ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት።

ገብረወልድ ሰኞ ጠዋት ወደ ዶሎ መና የሚወርድ ባዶ መኪና ላይ ተሳፈረ። ለቢሮው አላስፈቀደም፤ የሚያስፈቅደውም ሰው ጎባ ላይ አልነበረም። ሰነቴ ላይ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ጉም መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳ ነበር። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጉሙ ተገለጠና ጫካው ከታች ታየ። ሪራ ሲደርሱ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

መጀመሪያ ያገኘውን ሰው፣ ከዚህ ወደ ጊኒር ሄዳ ያልተመለሰች ልጅ ያውቅ እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀው። ሰውዬው ወደ አንድ የቀርከሃ አጥር ያለው ቤት አመለከተው። እዚያ ከአጥሩ ውጭ አምስት ስድስት ወንዶች ሣር ላይ ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው አንድ በቆዳ ቦርሳ የተከተተ ሬድዮ ይጮኻል። ዘለቀ እየዘፈነ ነበር። የቤቱ ባለቤት ቦሩ ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ንብ አናቢ ሰው ነው። ገብረወልድ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሁሉንም ሰላም ካለ በኋላ ስሙን ተናገረ፤ ከጎባ እንደመጣም ነገራቸው።

ቦሩ ፊቱ በራ። «ገብረወልድ ከጎባ? የሬድዮው? ስለ ሮቤ የተናገርከው አንተ ነህ?» አለና ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። ሰዎቹም ተነሡ። ለእንግዳው የሚቀመጥበት ቆዳ መጣ፤ ወተት መጣ። ቦሩ ባትሪው እስኪያልቅ ሳምንቱን በሙሉ ሲሰሙ እንደሰነበቱ፣ ባትሪው ሲያልቅም ሌላ እንዳስገዛ፣ የዘፋኙን ሞት እንደ ዘመድ ሞት እንደሰማው አወራለት። ሬድዮው አንድም ጊዜ አልተዘጋም አለው።

ገብረወልድ ወተቱን እጁ ላይ እንደያዘ፣ ሴት ልጅ አለችዎት ወይ ብሎ ጠየቀው። ሞሚና የምትባል አለች፤ ከእናቷ ጋር ጊኒር አክስቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ሳምንት እንቆያለን ብለዋል፤ ዛሬ ወይም ነገ ይመጣሉ አለው ቦሩ። ገብረወልድ ስለ ቢጫው ሻሽ ጠየቀ። ቦሩ እጁን ዘርግቶ ሬድዮውን ዝቅ አደረገ። ያኔ ገብረወልድ የመኪናውን አደጋ፣ ልጅቷ መቁሰሏን፣ ነገር ግን በሕይወት እንዳለችና ዓይኗን እንደገለጠች ነገረው። ቦሩ ሌላ አልጠየቀም። ጋቢውን አነሣና መንገድ ዳር ሄዶ ቆመ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘይነዲን የሚባል ሾፌር ከዶሎ መና ቡና ጭኖ ሲወጣ አገኙት፤ ታሪኩን ሲሰማ ረዳቱን ከላይ አስቀምጦ ሁለቱን ጋቢና አስገባቸው። መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። የጋቢናው ሬድዮም ተከፍቶ ነበር። ቦሩ መስኮቱን ተደግፎ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋል። ሰነቴ ላይ ሲወጡ፣ ፀሐይ ጉሙን ስትበሳ፣ ወደ ገብረወልድ ዞረ።

«ልጄ ስትታመም የእናቷን እጅ እንጂ የሰው እጅ አትወድም» አለው። «መቼም ጁሀራ ከአጠገቧ አትጠፋም። እሷ አልተጎዳችም?»

ገብረወልድ ያን ጊዜ ገባው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁለቱን ሴቶች አላገናኛቸውም ነበር። አንዷ ጎባ አልጋ ላይ፣ ሌላዋ ሮቤ አፈር ውስጥ፣ በእሱ ደብተር ላይ በሁለት የተለያዩ ገጾች ተጽፈው ነበር። ዘይነዲን በዓይኑ ጥግ አየውና እጁን ሰዶ ሬድዮውን ዘጋ።

«አምባር ነበራት ወይ?» አለ ገብረወልድ። ከዚህ ሌላ የሚናገርበት መንገድ አላገኘም።

«የብር» አለ ቦሩ። «የእናቴ ነው።»

ገብረወልድ ነገረው። አደጋው ረቡዕ እንደደረሰ፣ ኡሙሰልማ የምትባል ደግ ሴት እንዳጠበቻት፣ የሮቤ ሰዎች በሥርዓት ሰግደው እንደቀበሯት፣ ማን እንደሆነች ግን ማንም እንዳላወቀ። ቦሩ «ኢና ሊላሂ» አለ። ዘይነዲን መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ቦሩ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ነፋሱ ጋቢውን ይገነጥለው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሊጠጉት አልደፈሩም። ሲመለስ ፊቱ ደርቆ ነበር።

«ረቡዕ» አለ። «ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ትናንት። ሁሉንም ቀን ስሰማ ነበር እኮ።»

ገብረወልድ ማስታወቂያውን አራት ጊዜ እንደላከ ሊነግረው ፈለገ። አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን የእሱ ስም በዚያው ሳምንት አራት ጊዜ መነበቡንም ሰውዬው ሰምቷል። 

ጎባ ሲደርሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነበር። ሞሚና አባቷን ስታይ እጇን አነሣች። ቦሩ አልጋዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገው። ስለ እናቷ አልጠየቀችም፤ ታውቅ ነበር። በማግስቱ ገብረወልድ ቦሩን ሮቤ ይዞት ሄደ። ኡሙሰልማ ሱቋን ዘግታ መቃብሩን አሳየችው፤ አምባሩንም ከነጨርቁ ሰጠችው። ፊቷ ሰላማዊ እንደነበረ፣ ጸጉሯን ራሷ እንደጎነጎነችላት ነገረችው። ቦሩ መረቃት። ከዚያ ወደ ገብረወልድ ዞሮ፣ «ስለ እሷም ትናገራለህ?» ብሎ ጠየቀው። ገብረወልድ እናገራለሁ አለ።

ዜናውን እንደ አዲስ ጻፈው። የአሥራ አንዱን ሟቾች ስም ከነአባታቸው፣ ከነመንደራቸው። ለታ በዚህ ጊዜ እሺ አለ። ሐሙስ ማታ፣ የዜናው መጨረሻ ላይ ተነበበ። ቦሩ ሆስፒታል ውስጥ ከልጁ አልጋ አጠገብ ነበር፤ ገብረወልድም የራሱን ሬድዮ ይዞለት መጥቶ ነበር። አንባቢው በባሌ ክፍለ ሀገር ባለፈው ሳምንት በደረሰ የመኪና አደጋ አሥራ አንድ ሰዎች መሞታቸውን፣ አሽከርካሪዎችም እንዲጠነቀቁ መመከሩን ተናገረ። ከዚያ ለዘለቀ ሐውልት ስለሚቋቋመው ኮሚቴ ማንበብ ጀመረ።

ቦሩ አማርኛው ብዙ አይደለም። «ጁሀራን ጠሩ?» ብሎ ጠየቀ።

«አልጠሩም» አለ ገብረወልድ።

ሞሚና አንድ ወር ተኩል ሆስፒታል ቆየች። መንጋጋዋ ትንሽ ተጣሞ ገጠመ፤ ንግግሯ ግን ተመለሰ። እናቷ ጊኒር ሳምንት መቆየቱን ትታ ለምን እንደተቻኮለች ሞሚና የተናገረችውም ያኔ ነው፤ ቤት የቀረችው ላም ልትወልድ ደርሳ ስለነበር ሐሳብ አላስተኛትም ነበር። ቦሩ ይህን ሲሰማ ላሟ ያን ረቡዕ መውለዷን ለልጁ ነገራት፤ ከዚያም ወጥቶ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሲዞር ዋለ።

ሞሚና ወደ ሪራ ልትመለስ ጥቂት ቀን ሲቀራት ለታ እንደገና ደወለ። የዘለቀ አርባ ደርሷል። ሮቤ ሄዶ የማሜን ሆቴልና አልጋውን በደንብ እንዲጽፍ፣ ያለቀሱ ሽማግሌዎች ካሉም ስማቸውን እንዲልክ አዘዘው። ገብረወልድ ሰዓቱን ጠብቆ ቴሌ ቢሮ ገባ፤ የዜና ክፍሉን የጽሕፈት ሠራተኛ በስልክ አገኘና «ጻፊ» አላት። የአሥራ አንዱን ሰዎች ስም አንድ በአንድ አስጻፋት። ጁሀራ ከሪራ አራተኛዋ ነበረች። ሠራተኛዋ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ጻፈች፤ ሲጨርስ፣ ስለ ዘለቀ የሚለው የታለ ብላ ቀስ ብላ ጠየቀችው። ስለ ዘለቀ የጻፍኩት ብዙው ውሸት ነበር፤ ይህንንም ጻፊው አላት።

አልተነበበም። ለታ በስልክ ጮኸበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ከዜና ሥራ ተነሥቶ አጋርፋ በጽሕፈት ሠራተኛነት እንዲመደብ የሚያዝ ደብዳቤ ደረሰው። ሚስቱ አለቀሰች፤ ጎረቤቶቹም ምን አጥፍቶ እንደሆነ ሹክ ሹክ አሉ። እሱ ራሱ ደግ ሠርቻለሁ ወይስ ዘግይቻለሁ እያለ እንቅልፍ ያጣባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ወደ አጋርፋ ከመሄዱ በፊት በነበረው የገበያ ቀን ሮቤ ወረደ። ስሞቹን በትልቅ ወረቀት በእጁ ጽፎ ነበር። የቀበሌውን ሊቀ መንበር አስፈቅዶ ገበያው አፍ ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ለጠፈው። ሰው ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ማንበብ የሚችሉት ለማይችሉት ጮክ ብለው አነበቡላቸው፤ ኡሙሰልማም ከሱቋ ወጥታ ቆማ ሰማች። ስሞቹ ሲነበቡ ከሰው መሐል አንዳንዱ «አላህ ይማረው» ይል ነበር።

አንድ ከጎሮ የመጡ ሽማግሌ በትራቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉ። ሰባተኛው የወንድማቸው ልጅ መሆኑን፣ የአባቱ ስም ግን ባዳሳ እንጂ በዳሶ አለመሆኑን ነገሩት። ገብረወልድ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰረዘና አስተካክሎ ጻፈው። ሽማግሌው ተጠግተው ተመለከቱ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ እዚያው ቆሙ።